ጋሽ እንድሪስ ቃላቸውን ሊመልሱ የወጡ ዕለት

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ናቸው። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ሲስተር፣ ጋሼሽ ሄዱ» አሉኝ።

«ደግሞ የት ሄዱ?» አልኳቸው። ሰውየው ጭልፋቸውን ይዘው ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ሲዞሩ እንጂ ሲሞቱ አስቤ ስለማላውቅ የምሬን ነበር የጠየቅኩት። እትዬ ፋጡማ «አላህ ጋ ነዋ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ሁለታችንም አለቀስን። ቆይተው ደግሞ «እዚያም ቢሆን ውኃውን ሳያዩ አይቀመጡም» ብለው ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እንባዬን ሳልጠርግ የምስቅለት ሰው ከእሳቸው ሌላ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ከደብረ ብርሃን ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ሹራቤን አወለቅኩ። ጋሽ እንድሪስ «ደጋው የት ላይ እንዳለቀ ማወቅ ከፈለግሽ ሹራብሽን ጠይቂው» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ወደ ቆላ በተመደብኩ ጊዜ ሹራቤ የሚወልቀው ከተማው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር። አሁን ከዋሻው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ያልበኛል። እርጅና ነው እንዳልል ገና አርባ አልሞላኝም።

በቀወት ገጠር፣ ታች ሜዳ በምትባል መንደር ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ የሄድኩት ሳልወድ ነው። የደጋ ልጅ ነኝ፤ ሙቀቱ አናቴ ላይ ይወጣ ነበር። ከጤና ጣቢያው ጀርባ በርሜል ሙሉ ውኃ አስቀምጬ፣ ሰው ገለል ሲልልኝ እየጨለፍኩ እግሬ ላይ አፈሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግድም አንድ ከሰዓት፣ በዚያ በርሜል ላይ አጎንብሰው ወደ ውስጥ የሚያዩ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ አገኘሁ። ሽርጥ አገልድመዋል። ከሽርጡ ሥር ጉልበት የሚደርስ ጥቁር የጎማ ቡትስ አድርገዋል። በእጃቸው እጀታው ላይ ሸንበቆ የታሰረበት ነጭ ጭልፋ ይዘዋል።

«ማን ልበል?» አልኳቸው።

«እንድሪስ። የወባ» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

የወባ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ ማለታቸው ነው፤ ሲሉት ግን የአባታቸው ስም ይመስል ነበር። በወጣትነታቸው የርጭት መድኃኒት በጀርባቸው ተሸክመው ይፋትን ቤት ለቤት የዞሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጡረታ መውጣታቸውን ግን ለኩሬዎቹ የነገራቸው የለም። ጭልፋቸውን በርሜሉ ውስጥ ነከር አድርገው አወጡና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ሲስተር፣ ካርድ ሳያወጡ አልጋ የያዙ እንግዶች አሉሽ።»

ጭልፋው ውስጥ ከእህል ነቀዝ የማይበልጡ ትሎች ይራወጣሉ። አፈርኩ። የጤና ባለሙያ ነኝ ብዬ ገና መምጣቴ ነው፤ ለሰው የምናገረውን በሽታ በጓሮዬ እያረባሁ ኖሯል።

«እያት» አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ። «ይቺ አናቷን ዘቅዝቃ በጭራዋ የምትተነፍሰው ነዝናዛዋ ናት። እንቅልፍ ትነሳሻለች እንጂ ወባ የላትም። ይቺ ውኃው ላይ ለጥ ብላ ጋደም ያለችው ግን፣ እሷ ናት ጠላታችን። ቤቷ ያለች እኮ ነው የምትመስለው፣ አኳኋኗን እይ!»

ኮሌጅ ውስጥ ይህንኑ ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። በርሜሉን አብረን ደፋነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሙቀቱን ቻልኩት።

ልጆች «እንድሪስ ጭልፋ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ይቀበሉታል። መንገድ ላይ ልጆች ሲከቧቸው ድንገት «ነዝናዛዋ!» ብለው ይጮሃሉ። ልጆቹ አናታቸውን ወደ መሬት ይዘቀዝቃሉ። «ጠላታችን!» ሲሉ ደግሞ ሁሉም አቧራው ላይ በሆዳቸው ለጥ ይላሉ። የተሳሳተ ከጨዋታ ይወጣል። እናቶች ልብስ አስጨረሱን ብለው ያማርራሉ፤ ያማርራሉ እንጂ የታች ሜዳ ልጅ ሁሉ የወባን ትል ከሩቅ የሚለየው በዚህ ጨዋታ ነው። ከሁሉም የምትበልጠው የልጅ ልጃቸው ሐያት ነበረች፤ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ቃሉ ካፋቸው ሳይወጣ መሬት ላይ ትገኛለች።

ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታው በፊት እንስራው ተከድኖ እንደሆነ ያያሉ። ሠርግ ላይ የምርቃት ተራ ሲደርሳቸው «አላህ ልጅ ይስጣችሁ፤ አጎበሩን ግን ከጤና ጣቢያ ውሰዱ» ይላሉ። አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን ከከተማ መጥቶ ስብሰባ ላይ ስለ ወባ ረዘም ያለ ንግግር ሲያደርግ፣ ጋሽ እንድሪስ ተነስተው «ጌታው፣ ጥሩ ተናገሩ። የመኪናዎ ጎማ ያቆመውን ውኃ ግን እንዳይረሱት» አሉና ሰዉን በሳቅ ገደሉት። ባለሥልጣኑም ሳቀ። ሰው ቅሬታ እንዳይዝባቸው የሚያደርግ ነገር ነበራቸው፤ ሲነቅፉህ ራሱ አንድ ነገር የሰጡህ ነው የሚመስልህ።

ታዋቂ የሆኑት ግን በአንድ ቃላቸው ነው። በመስጊድ ደጅ፣ በቀብር መልስ፣ በገበያ፣ ከጮሌ ነጋዴ በላይ ጮክ ብለው የሚሏት ናት፤

«ልጁን ለደጋ፣ አጎበሩን ላልጋ!»

ይህች ቃል በዚያ አገር ሕግ ነበረች። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የምትበረታበት ጊዜ ነው። የታች ሜዳ ሰው ያን ጊዜ ማሽላውን ትቶ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ትንንሽ ልጆቹን ሽቅብ ሦስት ሰዓት በእግር ወደሚያስኬደው ላይ አምባ፣ ደጋ ካሉ ዘመዶችና ወዳጆች ቤት ይልካቸዋል። ትልልቁ ሰው ከታች በአጎበሩ ሥር እያደረ አዝመራውን ይጠብቃል። ልጆቹ ኅዳር ላይ ወፍረውና የደጋውን ጨዋታ ተምረው ይመለሳሉ። ጋሽ እንድሪስ ይህንን ልማድ አልፈጠሩትም፤ በግጥም አድርገው ሰላሳ ዓመት የሰበኩት ግን እሳቸው ናቸው። ስንቱ ልጅ በዚህ እንደተረፈ አላህ ይወቀው።

ሐያትን የሚልኩት እማማ የሺ ዘንድ ነው። እማማ የሺ የላይ አምባ ክርስቲያን ናቸው፤ ከጋሽ እንድሪስ ጋር ከአባቶቻቸው የወረሱት ወዳጅነት አላቸው። ከቆላ ለሚመጡት ልጆች ብለው ለብቻዋ የሚያስቀምጧት ድስት ነበረቻቸው፤ ማንም አይነካትም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲገናኙ እንደ ልጅ ይሰዳደባሉ። «እንድሪሴ፣ ገና አልሞትክም?» ይላሉ። «አንቺን ሳልቀብር?» ይላሉ ጋሽ እንድሪስ።

እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ጋሽ እንድሪስ ሐያትን አድርሰው ሲመለሱ ጤና ጣቢያው ጎራ አሉና አንድ ወሬ ነገሩኝ። እማማ የሺ ድሮ ገብስ ከሚዘሩበት ማሳ ላይ ማሽላ አብቅለዋል።

«'የሺ፣ ይሄ ማሽላ እዚህ ምን ይሠራል?' ብላት 'ገብሱ እምቢ አለኝ፤ ይሄ ግን አማረበት። እንኳን ደስ ያለሽ በለኝ እንጂ!' አለችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ብያት ወረድኩ» አሉና ሳቁ። ሌላም አወሩኝ፤ ዝናቡ አንድ ጊዜ እየቀረ አንድ ጊዜ እየዘነበ ስላስቸገራቸው የላይ አምባ ሰዎች በየጓሮው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ላስቲክ አንጥፈው ውኃ ማቆር ጀምረዋል። እኔም ብልህነታቸውን አደነቅኩ። ሁለታችንም የምንናገረውን አልሰማንም።

በጥቅምት ከላይ አምባ ሁለት ልጆች ትኩሳት ይዟቸው መጡ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ወደ ቆላ ወርደው ነበር?» እናቶቹ «ኧረ በጭራሽ» አሉ። የትኩሳት ሽሮፕ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ጣታቸውን ወግቼ ደም ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። አላየሁም። ደጋ ውስጥ ወባ የለማ!

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ማለዳ ጋሽ እንድሪስ ከእኔ ክፍል ተቀምጠው የተረከዝ ስንጥቃቸውን ቅባት እያስቀቡ ሲቀልዱ፣ ከውጭ የእማማ የሺን ድምፅ ሰማን። ከአንድ ጎረምሳ ጀርባ ላይ ሐያት ተንጠልጥላለች። ዓይኗ ወደ ላይ ተገልብጧል።

«ምች መስሎኝ!» አሉ እማማ የሺ እያለቀሱ። «ከፀሐይ ገብታ ነው ብዬ ሁለት ቀን ዳማከሴ ጨምቄ አሸሁላት። ዛሬ ሌሊት አንቀጠቀጣት። እንድሪሴ፣ ልጅህን ገደልኳት!»

ሐያት ላይ አምባ ከወጣች ሰባት ሳምንት አልፏታል፤ ከቆላ ይዛው የሄደች ነው እንዳይባል ቆይቷል። ቢሆንም ጣቷን ወጋሁ። ጠብታዋን መመርመሪያው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ፤ ሁለት መስመር ወጣ። ወባ ነው። ጋሽ እንድሪስ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያያሉ።

«ተሳስተሻል። ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩት። ያው ሁለት መስመር። ያ ረጅም ሰው ቡትሳቸውን እንዳደረጉ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔ መርፌውን ስሰጥ፣ ስኳር ያለው ውኃ ስሰቅል፣ ትኩሳቷን በእርጥብ ጨርቅ ሳወርድ ከወለሉ ሆነው የሐያትን እግር በመዳፋቸው ይዘው ነበር።

አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ዳነች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ «ፓፓያ አምጡልኝ» አለች። እትዬ ፋጡማ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ተመላላሽ በሽተኛው ሁሉ ወልዳ የተገላገለች ሴት አለች ብሎ መጣ። ያ ደስታ ሳይበርድ ነው ሐያት ፓፓያዋን እየጎረሰች እንደ ቀልድ የተናገረችው።

«አባባ፣ እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር። እማማ የሺ ኩሬ ውስጥ ጠላታችን ለጥ ብላ አይቻታለሁ። ብዙ ናት።»

ጋሽ እንድሪስ ወደ እማማ የሺ ዞሩ።

«አዎን ነግራኛለች» አሉ እማማ የሺ አንገታቸውን ደፍተው። «እኔማ ሳቅኩባት። 'ልጄ፣ ይሄ ደጋ ነው። አያትሽ ራሱ የሚለውን አልሰማሽም ወይ?' አልኳት።»

ያን ዕለት ከሰዓት ጋሽ እንድሪስ ጭልፋቸውን ይዘው ብቻቸውን ላይ አምባ ወጡ። በማግሥቱ ሲመለሱ ከንፈራቸው ደርቋል። አንድ ጠርሙስ ውኃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ትሎቹ ውኃው ላይ ለጥ ብለዋል።

«ከሰባት ጉድጓድ አምስቱ» አሉኝ። «ሲስተር፣ እኔ አልዋሸሁም። ያኔ ስናገር ደጋው እዚያው ነበር። እኔ ስለፈልፍ ደጋው ተነስቶ ሄዷል። ማሽላው ነገረኝ፣ አልሰማሁም። ልጄ ነገረቻቸው፣ በእኔ ቃል አፏን ዘጉባት። ስንት ልጅ ነው አሁን እዚያ ያለ አጎበር የሚተኛው? አጎበሩ ሁሉ እዚህ ነዋ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ላይ! እኔ ነኝ ላልጋ ያልኩት።»

ሌሎቹን ሁለት ልጆች አስታወስኩና ሰውነቴ ቀዘቀዘ። በዚያው ሰዓት ሰው ልኬ አስመጣኋቸው። ሁለቱም ወባ ነበረባቸው፤ ደግነቱ አልከፋባቸውም ነበር፣ መድኃኒቱን ወስደው ዳኑ። ላይ አምባ ግን ከታች ሜዳ የሄዱ ሌሎች ብዙ ልጆች አሉ፤ ኅዳር ደግሞ ገና ነው።

«ለወረዳው እናሳውቃለን፣ ማስታወቂያ ይለጠፋል» አልኳቸው።

«ሲስተር፣ በጆሮ የገባን ቃል በወረቀት ታወጪዋለሽ? እኔ ነኝ ያስገባሁት። እኔው ላውጣው።»

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ይዘው፣ ከዘራ ተመርኩዘው፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቡትሳቸውን አውልቀው በነጠላ ጫማ ገና በማለዳ ከቤት ወጡ። የመጀመሪያዋ በር ላይ ቆመው «አፉ በሉኝ» አሉ። ይቅር በሉኝ ማለት ነው። በዚያ አገር ሰው ቤት ለቤት እየዞረ አፉ በሉኝ የሚለው ወይ ሐጅ ሊሄድ ሲል ነው፣ ወይ ሞት ሲሸተው።

«ሐጅ ሊሄዱ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«የለም።»

«አመመዎት?»

«ደህና ነኝ። ቃሌን ልመልስ ነው የመጣሁት። ከጁምዓ በኋላ ሮቃው ሥር ኑ።»

ሴትዮዋ የሰማችው ያለ ቡትስ መምጣታቸውን ብቻ ነው። እሳቸው ሦስተኛው ቤት ሳይደርሱ ለቅሶዋ አምስተኛው ቤት ደረሰ። «ጋሽ እንድሪስ ሊሞቱ ነው፣ ሰው እየተሰናበቱ ነው» የሚለው ወሬ በባጃጅ ሸዋ ሮቢት ገባ፣ በእግር ላይ አምባ ወጣ። ከሶላት በኋላ ትልቁ የሮቃ ዛፍ ሥር የተሰበሰበውን ሰው በበዓል እንኳ አይቼው አላውቅም። አንዱ ብርድ ልብስ ይዞ መጥቷል። አንዷ ዶሮ ታቅፋለች። የእድር ዳኛው ድንኳኑን ይተከል አይተከል ብሎ እኔን በጆሮዬ ያማክረኛል። እትዬ ፋጡማ «ደህና ናቸው፣ ቁርሳቸውን ሁለት ጊዜ ነው የበሉት!» እያሉ ቢጮሁም የሚሰማቸው ጠፋ።

በመሀል እማማ የሺ እያለከለኩ፣ አንድ ቅል ቅቤ ይዘው ቁልቁለቱን ወርደው ደረሱ። ሕዝቡን በክርናቸው ገፍተው ወደ መሀል ሲገቡ ጋሽ እንድሪስ ቆመው እየሳቁ ነው።

«አልሞትክም?» አሉ።

«አልሞትኩም።»

«አላመመህም?»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ የሺ።»

እማማ የሺ የያዙትን ጃንጥላ አንስተው ጋሽ እንድሪስን ትከሻቸው ላይ ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረጓቸው። «ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁልቁለት እያለቀስኩ ወርጄ!» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ጋሽ እንድሪስ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሰላሳ ዓመት ልጁን ለደጋ አልኳችሁ። ሰማችሁኝ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ግን ደጋው ውስጥ ጠላታችን ገብታለች። በእኔ ቃል ልጆቻችሁን ያለ አጎበር ወደ እሷ ሰደዳችኋቸው። የራሴን ልጅ ሊወስድብኝ ነበር። ያንን ቃል መልሱልኝ። አፉ በሉኝ።»

በዕድሜ የሸመገለ፣ የተከበረ ሰው ስህተቱን ሳይጠየቅ አደባባይ ላይ ሲናገር ሰዉ አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም። ከዚያ ከኋላ አንድ ገበሬ፣ እኩያቸው፣ ብድግ አለ።

«አፉ ብያለሁ። ግን አንተም እኔን አፉ በለኝ» አለ። «በሰጠኸኝ አጎበር የማሽላ ጭድ ተሸክሜበታለሁ።»

ያ ሰውዬ በሩን ከፈተው። አንዷ ተነሳችና «እኔ የችግኝ መደብ አጥሬበታለሁ» አለች። ሌላዋ ዶሮዋን እንደታቀፈች፣ ጫጩቶቿን ከጭልፊት እንደከለለችበት ተናገረች። አንድ ጎልማሳ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሚስቱን በሠርጋቸው ዕለት የሸፈናት ቬሎ አጎበር እንደነበር ሲናገር፣ ሚስቱ «ቬሎ ነው ብለኸኝ አልነበር!» ብላ ተነሳችበት። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ሁሉም አፉ በሉኝ ይላል፣ ሁሉም አፉ ይላል። እኔም ራሴን ሳላውቀው ተነስቼ፣ የላይ አምባን ሁለት ልጆች ደማቸውን ሳላይ መመለሴን ተናገርኩ። የአንደኛው ልጅ እናት እዚያው ነበረች። «አፉ ብያለሁ፣ ሲስተር» አለችኝ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ይዣት እዞራለሁ።

ጋሽ እንድሪስ ለእያንዳንዱ አፉ አሉና እጃቸውን አነሱ። «እንግዲያው ሰማችሁ። አሮጌውን ቃሌን ቅበሩልኝ፤ አዲሱን ልስጣችሁ፤

ልጁ ሲወጣ ደጋ፣
አጎበሩም ከልጁ ጋ!»

ሰዉ ሦስት ጊዜ አስደገማቸው። ልጆቹማ እስኪመሽ ሲሉት ዋሉ። የእድር ዳኛው ድንኳኑን መልሶ ሲያስገባ እንኳ እያንጎራጎረው ነበር።

በዚያ ሳምንት የታች ሜዳ ወንዝ ዳር በሠርግ ዋዜማ እንኳ የማይታይ አጠባ ዋለበት። ጭድ የተሸከመው፣ ችግኝ ያጠረው፣ ጫጩት የከለለው አጎበር ሁሉ ታጠበ፣ ቀዳዳው ተሰፋ፣ ጥላ ላይ ተሰጣ። ቬሎውም መጣ፤ ሚስቲቱ ራሷ ናት ያመጣችው። በአህያ ጭነን አቀበቱን ላይ አምባ ወጣን፣ በየቤቱ ልጆች የሚተኙበት ላይ ሰቀልን። ጋሽ እንድሪስ የላይ አምባን ልጆች ሰብስበው «ነዝናዛዋ!» እና «ጠላታችን!» አስተማሩ። ጉድጓዶቹን በእንጨትና በላስቲክ አስከደኑ፤ መክደኛ ላጣው ደግሞ በየሳምንቱ ውኃውን የሚያይበት ጭልፋ ሰጡት። ከወረዳው የመጣው ርጭት ላይ አምባ ሲደርስ፣ ያ አሮጌ ሠራተኛ የመርጫውን ጋን አንዴ ተሸክሜ ካልሄድኩ ብለው ወጣቶቹን አስቸገሩ። ሃያ እርምጃ ሄደው አወረዱት። «ጋኑ ከብዷል፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም» አሉ። በዚያ ዓመት ከላይ አምባ ሌላ ልጅ ለአደጋ የደረሰ አልመጣብኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ጋሽ እንድሪስ በስልክ ይደውሉልኝና ያለ ሰላምታ «ከጓሮሽ ውኃ ቆሟል?» ይሉኝ ነበር። «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን እኮ ነው» ስላቸው «እሱን የሺም ብላኝ ነበር» ይላሉ። ዝናብ ባረፈ ቁጥር ጓሮዬን የማየው ለዚህ ነው።

እናም ታች ሜዳ ደረስኩ። ሱብሒ ሰግደው ጋደም እንዳሉ ነው ያረፉት። ቀብሩ በዕለቱ ስለተፈጸመ አልደረስኩበትም፤ የሆነውን ግን ሁሉም ሰው ሊነግረኝ ይሻማል። ሸሁ ጀናዛው ፊት ቆመው እንደ ወጉ «ይህን ሰው አፉ በሉት፤ ቅያሜ ያለው ይናገር» ቢሉ፣ ከሕዝቡ መሀል ያ ጭድ የተሸከመበት ገበሬ «እሱ ድሮ ጨርሶታል!» ብሎ ጮኸ አሉ። ሸሁ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ አሉ። እውነትም ቀብር ላይ የሚቀረውን ሥራ በሕይወት ሳሉ ጨርሰውት ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ሙሉ ነበር። እማማ የሺ ጥግ ላይ ተቀምጠው «እንድሪሴ፣ እኔን ሳትቀብር!» እያሉ ያለቅሳሉ። ሐያት አድጋለች፤ ቁመቷ የአያቷ ነው። ወገቤን አቅፋኝ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን እማማ የሺ ወደ ላይ አምባ ሊመለሱ ተነሱ። መስከረም ገብቷል፤ እንደ ወጉ የሐያትን ትንሽ ወንድም፣ የአራት ዓመቱን ሙባረክን ይዘውት ሊወጡ ነው። ልጁ ልብሱ በፌስታል ተቋጥሮለት ደጅ ቆሟል። ሐያት የቤቱን አጎበሮች ቆጠረች፤ ያሉት ሁሉ እዚሁ የሚቀሩት ሰዎች የሚተኙባቸው አልጋዎች ላይ ናቸው። ለሙባረክ አንድ ጎደለ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

እትዬ ፋጡማ ከተቀመጡበት ፍራሽ ተነሱ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲደግፏቸው የነበሩት ሴቶች ሊይዟቸው ሲሉ እጃቸውን አስለቀቁ። ወደ ጓዳ ገቡ። ከተዘረጋው መጋረጃ ባሻገር የጋሽ እንድሪስ አልጋ ይታያል፤ አልጋው ባዶ ነው፣ አጎበሩ ግን እሳቸው እንደተዉት ጫፉ ከፍራሹ ሥር በደንብ ተጠቅጥቆ ተሰቅሏል። አራቱን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ፈቱ። አጣጥፈው፣ አንዴ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ጠቅልለው በሙባረክ ጀርባ ላይ በነጠላ አሰሩት።

«ልጁ ሲወጣ ደጋ» አሉ፤ ከዚያ በላይ መናገር አቃታቸው።

ለቅሶ ቤቱ በሙሉ፣ ሸሁም፣ እማማ የሺም፣ እኔም ጨረስንላቸው፤

«አጎበሩም ከልጁ ጋ!»

ሙባረክ ስለ ምን እንደምናለቅስም እንደምንስቅም ግራ ገብቶት ዘወር ብሎ አየን። ከዚያ ከራሱ የሚበልጠውን ጥቅል ተሸክሞ ከእማማ የሺ ኋላ ኋላ ሽቅቡን ተያያዘው።